ከሎኮሞቲቭ የወረደው ሬዲዮ



ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማን አቋርጦ የሚያልፈውን ሐዲድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያውቁታል። የሲኤስኤክስ ኩባንያ ረጃጅም የጭነት ባቡሮች፣ ሠራተኛውን ወደ ዋሽንግተን የሚያመላልሱት የማርክ ባቡሮች፣ የሩቅ መንገደኛ የሚጭኑት የአምትራክ ባቡሮች ሁሉ በዚሁ ሐዲድ ይሄዳሉ። የጥሩንባቸው ድምፅ የሰፈሩ ሰው የለመደው ነው። የባቡሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት ግን 160.230 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ንግግሩ አልተመሰጠረም፤ መቀበያ ላለው ሁሉ ክፍት ነው።

ይህን ንግግር በዘመናዊ የእጅ ስካነር መስማት ይቻላል። የዛሬው ዲስኩር የሚያወራው ስለ ሌላ መንገድ ነው። ዕድሜያቸውን በሎኮሞቲቭ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ከሥራ የተሰናበቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቁራጭ ብረት ዋጋ የሚሸጡ የባቡር ሬዲዮዎች አሉ። እነሱን ቤት አምጥቶ፣ አጽድቶና ጠግኖ፣ ለማዳመጥ ብቻ መጠቀም በአሜሪካ የቆየ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ለሥራ ተብሎ በጥንቃቄ የተሠራ ዕቃ፣ ይሠራበት የነበረው ሥራ ገና በሕይወት እያለ መልሶ ሲያዳምጠው ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ዕድሉም ለዘላለም የሚቆይ አይደለም።

በቅድሚያ ባቡር ለምን ሬዲዮ እንዳስፈለገው እንይ። በአንድ ነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ከሁለት አቅጣጫ ሲመጡ አንዱ ወደ ጎን ገብቶ ሌላውን ማሳለፍ አለበት። በድሮ ዘመን ይህን የሚወስነው የጊዜ ሰሌዳ ብቻ ነበር፤ አንደኛው ባቡር ከዘገየ ሌላው ባለበት ተገትሮ ይጠብቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1851 የኤሪ ባቡር ኩባንያ ኃላፊ ቻርልስ ማይኖት ኒው ዮርክ ውስጥ ተርነር በሚባል ጣቢያ እንዲህ መጠበቅ ሰለቸው። ወደ ፊተኛው ጣቢያ ቴሌግራፍ ልኮ የሚመጣውን ባቡር አስያዘና ነጂውን «ቀጥል» አለው። ነጂው እምቢ አለ፤ ሕይወቱን በሽቦ ለመጣ ቃል አደራ ለመስጠት አልደፈረም። ማይኖት ሎኮሞቲቩን ራሱ ነዳው፤ ነጂው ደግሞ ግጭት ቢመጣ ከኋላ መሆን ይሻላል ብሎ የመጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ሄዶ ተቀመጠ ተብሎ ይተረካል።

ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ባቡር ያለ ቴሌግራፍ የማይንቀሳቀስ ሆነ። ቴሌግራፉ ግን የሚሠራው ጣቢያ ላይ ነው፤ ባቡሩ ከጣቢያ ከወጣ በኋላ የሚያገኘው የለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከደከሙት አንዱ በ1856 የተወለደው ጥቁር አሜሪካዊው ግራንቪል ዉድስ ነው። ዉድስ በ1887 በጉዞ ላይ ያለ ባቡር ከሐዲዱ ዳር ከተዘረጋው ሽቦ ጋር ሳይነካካ መልእክት የሚለዋወጥበትን ቴሌግራፍ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ቶማስ ኤዲሰን «መብቱ የኔ ነው» ብሎ ተከራከረው፤ የረታው ዉድስ ሆነ። የባቡር ሬዲዮ ታሪክ ሲነገር ይህ ስም አዘውትሮ ይዘለላል፤ ሊዘለል የማይገባው ስም ነው።

የላካዋና ባቡር ኩባንያ በ1913 የማርኮኒን ገመድ አልባ ቴሌግራፍ በመንገደኛ ባቡር ላይ ሞከረ። የፔንሲልቬንያ ባቡር ኩባንያ ደግሞ በ1940ዎቹ «ትሬንፎን» የተባለ ስልክ ዘረጋ። አሠራሩ የዉድስን ሐሳብ ያስታውሳል፤ ድምፁ የሚጓዘው በሐዲዱና በመስመሩ ዳር በተተከሉት ምሰሶዎች ሽቦ ላይ ተደግፎ ነው። በዚያ ዘመን የተነሡ የኩባንያው ሎኮሞቲቮች ፎቶግራፍ ላይ በጣሪያው ርዝመት የተዘረጋ ቀጭን ዘንግ ይታያል፤ የስልኩ አንቴና ነው። ሥርዓቱ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ቆይቶ ለሬዲዮ ቦታውን ለቀቀ።

ሬዲዮው በሰፊው የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጦርነቱ ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 የፈጠራ መብት ያገኘበትን የኤፍኤም ስልት በወታደር ጀርባ ላይ አስፈትኖት ነበር፤ የሞቶሮላ መሐንዲሶች የሠሩት የጀርባ ሬዲዮ በሞተር ጩኸትና በኤሌክትሪክ ብልጭታ መካከል ንግግርን አጥርቶ ማድረስ እንደሚችል አሳየ። ሎኮሞቲቭ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የኤሌክትሪክ ብልጭታ ምንጭ ነው። በ1945 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለባቡሮች የራሳቸውን ሞገዶች መደበላቸው። ዛሬም በአሜሪካ የባቡር ንግግር በዋናነት የሚገኘው ከ160.215 እስከ 161.565 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። በ15 ኪሎኸርዝ ልዩነት የተደረደሩት መስመሮች ከ7 እስከ 97 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ከ7 በታች ያሉትን ካናዳ ትጠቀምባቸዋለች።

እነዚህን ቁጥሮች የማያውቅ ሰው የባቡር ሠራተኛን ሲያዳምጥ ግራ ይጋባል። ሠራተኛው ሞገዱን በሜጋኸርዝ አይጠራውም፤ በአራት አኃዝ ነው የሚጠራው። ሁለቱ የፊት አኃዞች የሚናገርበትን፣ ሁለቱ የኋላ አኃዞች የሚያዳምጥበትን መስመር ያመለክታሉ። «46-46 ላይ ግባ» ከተባለ ሬዲዮው በ160.800 ሜጋኸርዝ ይናገራል፤ በዚያው ያዳምጣል። ይህ ሞገድ ኮንሬል የተባለው ኩባንያ ከ1976 እስከ 1999 በሰፊው ሲሠራበት የኖረ ነው። ኩባንያው ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላም ኖርፎክ ሳውዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ በፔንሲልቬንያ ተራሮች ላይ ይጠቀምበታል። በ1970ዎቹ ለዚህ ሞገድ የተቀረጸ ክሪስታል (ሞገዱን የሚወስን የኳርትዝ ስባሪ) ያለው ሬዲዮ እዚያው ፔንሲልቬንያ አልቱና አካባቢ ዛሬ ቢከፈት ሥራ አያጣም።

ወደ ዕቃው እንግባ።

በባቡር ላይ ከሠሩት ሬዲዮዎች ውስጥ ቀዳሚዎቹ ባለ ቫልቭ ናቸው። ከባድ፣ የሚሞቁ፣ ውስጣቸው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚዞርባቸው ናቸው፤ ለጀማሪ አይመከሩም። ለቤት አድማጭ የሚመረጡት የ1970ዎቹ ትራንዚስተር ሬዲዮዎች ናቸው። ከነሱም ሁለት ስም ይነሣል፤ የሞቶሮላ ማይኮር፣ እና የጄኔራል ኤሌክትሪክ ማስተር ሁለት። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የመገናኛ ሬዲዮዎቹን ያመርት የነበረው ሊንችበርግ፣ ቨርጂኒያ ነው። እነዚህ ሬዲዮዎች ለባቡር ብቻ አልተሠሩም፤ ፖሊስም፣ እሳት አደጋም፣ ታክሲም ተጠቅሞባቸዋል። የባቡሮቹ የሚለዩት በሳጥናቸው፣ በመሰኪያቸውና በኃይል አወሳሰዳቸው ነው።

የማይኮርን ክዳን በካቻቢቴ ፈትቶ ለሚያይ ሰው አስቀድሞ ዐይን የሚስበው መቀበያው በር ላይ ያለው የብረት ክፍል ነው። በውስጡ ትናንሽ ጓዳዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ጓዳ ውስጥ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተጠምዝዞ ቆሟል። ከአንቴናው የሚመጣው ሁሉ በነዚህ ጓዳዎች ተራ በተራ ማለፍ አለበት። የሚፈለገው ሞገድ ያልፋል፤ በአቅራቢያው ያለው የቴሌቪዥን ማሠራጫ፣ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ፣ የታክሲ ድርጅት ጩኸት ደጅ ይቀራል። ርካሽ ስካነር ሁሉንም ሞገድ ለመያዝ በሩን ወለል አድርጎ ስለሚከፍት ከተማ ውስጥ ይታፈናል። ማይኮር ግን አንድ ነገር ብቻ ስለሚፈልግ ይሰማዋል። የአሮጌውን ሬዲዮ ብልጫ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ቀጥሎ ክሪስታሎቹ አሉ። በእነዚህ ሬዲዮዎች ውስጥ ሞገድ በአዝራር አይቀየርም። ለእያንዳንዱ መስመር ተቆርጦ የተቀረጸ የኳርትዝ ስባሪ በትንሽ ሣጥን ታሽጎ ይሰካል፤ ለማዳመጥ አንድ፣ ለመናገር ሌላ። ሣጥኑ ላይ ሞገዱ ተጽፎበታል፤ አንዳንዱ በማሽን የታተመ፣ አንዳንዱ ደግሞ የአንድ ቴክኒሻን የእጅ ጽሑፍ ነው። ከዚህ ጽሑፍ ሬዲዮው የት እንደሠራ መገመት ይቻላል። 160.800 ከተገኘ ወደ ፔንሲልቬንያና ኦሃዮ ይጠቁማል፤ 160.230 ከሆነ የድሮው ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ ኩባንያ ዋና መስመር ሞገድ ነበርና ወደ ሜሪላንድ ይመራል።

አዲስ ክሪስታል ማስቀረጽ ዛሬ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ለአማተሮችም ለባለሙያዎችም ክሪስታል ሲቀርጽ የኖረው የኦክላሆማ ሲቲው ኢንተርናሽናል ክሪስታል ማኑፋክቸሪንግ በ2017 ተዘግቷል። ስለዚህ ባለ ክሪስታል ሬዲዮ የሚገዛ ሰው፣ የሚኖርበትን ሰፈር ሞገድ የያዘ ክሪስታል አብሮ መኖሩን ሳያረጋግጥ ገንዘብ ባያወጣ ይመረጣል።

የማይኮር ሌላው ውድ ነገር የጩኸት ማፈኛው ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ የሚናገር ሰው ሲጠፋ እንደ ዝናብ ይንሿሿል፤ ያንን የሚያፍን ሰርኪት በሁሉም ሬዲዮ ውስጥ አለ። የማይኮሩ ግን ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። የመጣው ድምፅ ጠንካራ ከሆነ ተናጋሪው ጣቱን ሲያነሣ ወዲያው ዝም ይላል፤ ደካማና የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ይታገሣል፤ ቃል መሐል ላይ አይዘጋበትም። ከሸለቆ ውስጥ እየወጣ የሚናገር ነጂን የሚያዳምጥ ሰው የዚህን ትዕግሥት ዋጋ ያውቀዋል። የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ማይኮሮቹ ከተጣሉ በኋላም ይህን ሰርኪት እየፈቱ በራሳቸው የድምፅ ማሻገሪያ ጣቢያዎች ላይ ሲገጥሙት ኖረዋል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ትውልድ፣ ለምሳሌ የሞቶሮላ ስፔክትራ የባቡር ዓይነት፣ ክሪስታል አያስፈልገውም፤ ሁሉንም የባቡር መስመሮች በቁጥር ያወጣል። ለአጠቃቀም ይመቻል። ነገር ግን ውስጡ ያሉት ትናንሽ ካፓሲተሮች ፈሳሻቸውን እያፈሰሱ ሰሌዳውን የሚበሉ መሆናቸው የታወቀ ነው። ካውያ ይዞ በጥንቃቄ መሥራት የሚችል ሰው አውጥቶ ይለውጣቸዋል፤ የማይችል ሰው የተለወጠለትን ይግዛ።

ሬዲዮው ቤት ሲገባ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ የኃይል ነው። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ የመቆጣጠሪያ ኤሌክትሪክ 74 ቮልት ቀጥተኛ ነው። የመኪና 12 ቮልትም አይደለም፤ የግድግዳው 120 ቮልትም አይደለም። አንዳንዱ የባቡር ሬዲዮ 74 ቮልቱን ወደ 12 አካባቢ የሚያወርድ ሣጥን ለብቻው አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ በውስጡ ይዞታል። ስለዚህ ከጀርባው የተለጠፈውን ሰሌዳ ሳያነብቡ ሽቦ መሰካት ዕቃውን ማቃጠል ነው። 12 ቮልት የሚቀበል ከሆነ 13.8 ቮልት የሚሰጥ የአማተር ሬዲዮ የኃይል መስጫ ይበቃዋል። ለማዳመጥ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ብዙ የሚበላው ሲናገር ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አይናገርም። በመስመሩ ላይ ፊውዝ መግባት አለበት።

አንቴናው ከሬዲዮው በላይ ለውጥ ያመጣል። በ161 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሞገዱ ርዝመት 1.86 ሜትር ስለሆነ አንድ አራተኛው 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ያን ያህል ቁመት ያለው ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከሥሩ ጥቂት ሽቦዎች እንደ እግር ተዘርግተውለት፣ በተቻለ መጠን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቢሰቀል ይሠራል። ይህ ሞገድ ከሞላ ጎደል ዐይን በሚያየው ልክ ነው የሚሄደው፤ ኮረብታ ይጋርደዋል። የባቡሮቹን እንቅስቃሴ የሚመራው የመስመር ተቆጣጣሪ ጣቢያ ከፍ ያለ ማማ ላይ ስለሚሆን ከሩቅ ይሰማል፤ የባቡሩ ነጂ መልስ ግን የሚሰማው ባቡሩ ሲቃረብ ነው። አድማጩ መጀመሪያ የንግግሩን ግማሽ ብቻ መስማቱ ሬዲዮው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

አንድ የጥንቃቄ ነገር አለ። በእነዚህ ሬዲዮዎች የመናገሪያ ክፍል ውስጥ ያሉ ትልልቅ ትራንዚስተሮች ቤሪሊየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ሸክላ ይይዛሉ። ሳይነካ ጉዳት የለውም፤ ከተሰበረ ወይም ከተፋቀ አቧራው ለሳንባ እጅግ አደገኛ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ውስጡን ለማየት ብሎ ሊሰብራቸው፣ ሊቆርጣቸው ወይም በሞረድ ሊነካቸው አይገባም።

ሕጉስ? አሜሪካ ውስጥ በ1986 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግንኙነቶች ሕግ የፖሊስን፣ የእሳት አደጋንና የግል ድርጅቶችን ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ፣ ለሕዝብ በቀላሉ የሚሰማ እስከሆነ ድረስ፣ ማዳመጥን አይከለክልም። ባቡር ከዚህ ውስጥ ይገባል። የሰሙትን ለራስ ጥቅም ማዋል ግን በ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ ሌላ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችም በመኪና ውስጥ ስካነር መያዝን ይገድባሉ። መናገር ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ፈቃዱ የባቡር ኩባንያው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ቃል ያስፈልጋል። ከሎኮሞቲቭ የወጣ ሬዲዮ መጫወቻ አይደለም፤ የመናገሪያ ክሪስታሉ በቦታው ካለና ማይክራፎኑ ከተሰካ፣ አንድ ልጅ ቁልፉን ቢጫን ድምፁ ሺህ ቶን የሚጎትት ባቡር ውስጥ ይገባል። ማይክራፎኑን መንቀል ብቻውን አይበቃም፤ የመናገሪያ ክሪስታሉም ይውጣ፣ ወደ መናገሪያው ክፍል የሚሄደውም ኃይል ይቋረጥ።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ነው። በእንግሊዝ ለራስ ያልተላከን የሬዲዮ መልእክት ማዳመጥ ሕግ ይከለክለዋል። በብዙ የአውሮፓ አገሮችም ባቡሮች ጂኤስኤም-አር ወደሚባል ዲጂታል ስልክ ስለ ተሻገሩ አሮጌ ሬዲዮ የሚሰማው ነገር የለም። ወደ ኢትዮጵያ ይዞ ለመግባት የሚያስብ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቅ።

ታዲያ ሬዲዮው ተጠግኖ፣ አንቴናው ተሰቅሎ ሲያበቃ የሚሰማው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ዝምታ ነው። ዝምታውን ድንገት የሚሰብረው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። በሐዲዱ ዳር በየተወሰነ ማይል የኩሽኔታ ሙቀት የሚለኩ መሣሪያዎች ተተክለዋል። ባቡሩ ሲያልፍ የእያንዳንዱን መንኮራኩር ኩሽኔታ ሙቀት ሳይነኩ በሚያወጣው ጨረር ይለካሉ፤ ከዚያም በተቀዳ ድምፅ የኩባንያውን ስም፣ የቦታውን ማይል ቁጥር፣ የሐዲዱን ቁጥር፣ ጉድለት መኖር አለመኖሩንና የአክስሎችን ብዛት ለነጂው ይናገራሉ።

ቤቱ የተቀመጠው አድማጭ ከዚህ ብዙ ነገር ያወጣል። መሣሪያው «412 አክስል» ካለ፣ እና ሎኮሞቲቮቹ እያንዳንዳቸው 6 አክስል ያላቸው ሁለት ከሆኑ፣ 12 ሲቀነስ 400 ይቀራል። ተራ ፉርጎ 4 አክስል ስላለው ባቡሩ 100 ፉርጎ እየጎተተ ነው። የማይል ቁጥሩ ባቡሩ የት እንዳለ፣ ቀጣዩ መሣሪያ ሲናገር ደግሞ በምን ፍጥነት እየመጣ እንደሆነ ይነግራል። ልጅን ሒሳብ ለማለማመድ ይህን የሚስተካከል ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ይህ የማሽን ድምፅ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሚሸከም ዓለም ያየው የካቲት መጀመሪያ 2023 ላይ ነው። የኖርፎክ ሳውዘርን ባቡር ኦሃዮ ውስጥ ሲጓዝ የአንድ ፉርጎ ኩሽኔታ እየጋለ ነበር። ሰብሪንግ አጠገብ ያለው መሣሪያ ከአካባቢው አየር በ38 ዲግሪ ፋራናይት ብልጫ አገኘ፤ ከ10 ማይል በኋላ ሳሌም ላይ 103 ሆነ፤ ሁለቱም ባቡሩን ለማስቆም ከተወሰነው ልክ በታች ነበሩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መሣሪያ የነበረው ሃያ ማይል ያህል ርቆ ኢስት ፓለስታይን ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ 253 ዲግሪ ሆኖ መሣሪያው በሬዲዮ የአደጋ ጥሪ አሰማ፤ ሠራተኞቹ ባቡሩን ለማቆም ሞከሩ፤ ነገር ግን ኩሽኔታው አልቆ ነበር። 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ ወጡ። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በመሣሪያዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በአማካይ ወደ 15 ማይል ለማጥበብ ቃል ገቡ።

የሰው ንግግር ሲመጣ ደግሞ ሥርዓቱ ያስገርማል። መብራት በሌለባቸው መስመሮች ላይ ተቆጣጣሪው ለባቡሩ የመሄጃ ፈቃድ የሚሰጠው በቃል ነው። ከየት እስከ የት፣ በየትኛው ሐዲድ፣ ማንን ጠብቆ እንደሚሄድ ቁጥር በቁጥር ያስጽፋል። ተቀባዩ ይጽፋል፤ ጽፎ ሲጨርስ አንድም ቃል ሳይጥል መልሶ ያነበዋል፤ ተቆጣጣሪው ትክክል መሆኑን ሲያረጋግጥ ሰዓቱን ይሰጣል፤ ፈቃዱ የሚጸናው ከዚያ በኋላ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ባቡሩን እየነዳ ያለ ሰው ይህን እንዳይጽፍ ይከለክላል፤ ወይ ኮንዳክተሩ ይጽፋል፣ ወይ ባቡሩ ይቆማል። በሲኤስኤክስ መስመር ላይ ደግሞ ሠራተኞቹ የሚያዩትን እያንዳንዱን የመብራት ምልክት በሬዲዮ ሲጠሩ ይሰማል። በመስመሩ ላይ ያለ ሌላ ሰው ሁሉ ማን የት እንዳለ ያውቃል፤ ቤቱ የተቀመጠውም እንዲሁ።

ይህን በጋራ ለማዳመጥ የተዘጋጁ ቦታዎችም አሉ። ኢሊኖይ ውስጥ ሮሼል ከተማ የዩኒየን ፓሲፊክና የቢኤንኤስኤፍ ኩባንያዎች ሐዲዶች የሚተላለፉበት ቦታ ላይ በ1998 የተከፈተ የባቡር መመልከቻ ፓርክ አለ፤ በመጠለያው ውስጥ የባቡር ሬዲዮው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ጆርጂያ ውስጥ ፎክስተን ላይም ተመሳሳይ መድረክ ተሠርቷል። ሬዲዮ ከመግዛት በፊት አንድ ቀን እዚያ ተቀምጦ ጆሮን ማለማመድ ገንዘብ ያድናል። የዕቃው ገበያ ደግሞ የአማተር ሬዲዮ ባዛር ነው፤ ከሁሉም የሚታወቀው በየዓመቱ ኦሃዮ ውስጥ፣ ከ2017 ጀምሮ ዚኒያ ላይ፣ የሚካሄደው ሃምቬንሽን ነው።

ጊዜው ግን እየተለወጠ ነው። ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የአሜሪካ የባቡር ሬዲዮዎች የሚይዙትን የሞገድ ስፋት በግማሽ እንዲያጠብቡ ተገደዱ። አሮጌው ሬዲዮ አሁንም ይሰማቸዋል፤ ድምፁ ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ማጉያውን ከፍ ማድረግ ይፈልጋል። ኩባንያዎቹ ኤንኤክስዲኤን የተባለ የዲጂታል ስልት ለወደፊቱ መርጠዋል፤ እሱ በስፋት ከገባ ማይኮርና ማስተር የሚሰሙት ኩርኩርታ ብቻ ይሆናል። ካሊፎርኒያ ቻትስወርዝ ላይ በ2008 ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው 25 ሰዎች ከሞቱ በኋላ በሕግ የተገደደው ባቡርን በራሱ የሚያስቆም ሥርዓት በ2020 መጨረሻ ተጠናቆ ሥራ ላይ ውሏል፤ መልእክቱን የሚልከው በ220 ሜጋኸርዝ በዳታ ነው። የኋላውን ፉርጎ ሠራተኞች የተካው የፍሬን ግፊት ጠቋሚም በ457.9375 ሜጋኸርዝ የሚልከው አጭር የዳታ ጩኸት ነው። የሰው ድምፅ ቦታው እየጠበበ ይሄዳል። ለደኅንነት ሲባል ይህ መልካም ነገር ነው፤ ቻትስወርዝ ላይ የሞቱትን የሚያስብ ሰው ድምፁ ይቆይልን ብሎ ሊከራከር አይችልም።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የሚቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በባዛርም ሆነ በቁራጭ ብረት መሸጫ አንድ የባቡር ሬዲዮ ካያችሁ፣ ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶ አንሡት። የኩባንያው ስም፣ የሎኮሞቲቩ ቁጥር፣ ክሪስታሉ ላይ በእጅ የተጻፈው ሞገድ ከተገኘ ጻፉት፤ ሰሌዳውንም አትንቀሉት። የተነቀለ ሰሌዳ ሬዲዮውን ስም የለሽ ብረት ያደርገዋል፤ ሰሌዳው ካለ ግን የትኛው መስመር ላይ እንደሠራ ይታወቃል፤ የባቡር ሙዚየሞችም ይፈልጉታል። የመናገሪያውን ክፍል ዝጉት፤ የመቀበያውን አድሱት። ሰፈራችሁ ሐዲድ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ንግግሩ በሰው ድምፅ እያለ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አሰሟቸው።